ጋቢ ያሞቃልን? መሠረታዊ የሳይንስ ቃላት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት

መግቢያ

የሳይንስ ትምህርት አስቸጋሪነት በተነሣ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በረዣዥሞቹና በእንግዶቹ ቃላት ላይ ነው። "ብርሃን አስተፃምሮ"፣ "ሥርዓተ ምህዳር"፣ "እፍግታ" የመሳሰሉት ቃላት ለሕፃናት ይከብዳሉ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ ከዚህ ለየት ያለ ነው። እንግዳ ቃል ተማሪውን ቢያስቸግረውም አያታልለውም፤ ተማሪው ቃሉን እንደማያውቀው ስለሚያውቅ ይጠይቃል፤ መምህሩም ማብራራት እንዳለበት ይገነዘባል። ተማሪውን የሚያታልሉት ከቤቱ ይዟቸው የሚመጣቸው ቃላት ናቸው። "ሥራ"፣ "ጉልበት"፣ "ክብደት"፣ "ሙቀት" የሚሉትን ቃላት የማያውቅ ሕፃን የለም። በዚህም ምክንያት ማንም አይጠይቅባቸውም፤ ማንም አያብራራቸውም። ነገር ግን ሳይንስ እነዚህን ቃላት ከዕለት ተዕለት ንግግር ተውሶ ትርጉማቸውን አጥብቧል። ተማሪው ይህን ለውጥ ካልተረዳ አንዱን ቃል እርሱ በአንድ ትርጉም፣ መጽሐፉ በሌላ ትርጉም እየተጠቀሙበት ዓመታት ያልፋሉ።

ጉዳዩ የሕፃናት ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ለገቡ ተማሪዎች "አንድ ሰው ኩንታል ተሸክሞ ሳይንቀሳቀስ ለአሥር ደቂቃ ቢቆም በኩንታሉ ላይ ምን ያህል ሥራ ሠርቷል?" የሚል ጥያቄ ስናቀርብ፣ ቀመሩን በቃላቸው የሚያውቁ ተማሪዎች ሳይቀሩ ሲያመነቱ እናያለን። ቀመሩ መልሱ ዜሮ ነው ይላቸዋል፤ የሚያውቁት ቃል ግን ያ ሰው እጅግ ብዙ እንደ ሠራ ይነግራቸዋል። ይህ ግጭት በ5ኛ ወይም በ6ኛ ክፍል ሊፈታ ሲገባው ሳይፈታ የቀረ ነው። ከአንባብያኖቻችን መካከል ነገ መምህራን የሚሆኑ፣ ዛሬም ቢሆን ታናናሽ ወንድሞቻቸውንና እኅቶቻቸውን የሚያስጠኑ ብዙዎች ስለሆኑ ጥቂት መሠረታዊ ቃላትን አንድ በአንድ መመልከቱ ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሦስት ጥያቄዎች

አንድ የሳይንስ ቃል ታወቀ የሚባለው ፍቺው በቃል ሲወጣ ብቻ አይደለም። "ጉልበት ማለት ሥራ የመሥራት ችሎታ ነው" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ምንም ሳይረዱ መድገም ይቻላል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይበጃል። አንደኛ፣ ቃሉ በቤትና በገበያ ምን ማለት ነው? ሁለተኛ፣ በሳይንስ የሚያመለክተው ምንን ብቻ ነው? ሦስተኛ፣ ያ ነገር በምን ይለካል ወይም በምን ሙከራ ይታያል? ከሦስቱ ይበልጥ የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው። ምክንያቱም ቃላት ሲምታቱ የሚለያቸው መለኪያው ነው።

ክብደትና መጠነ ቁስ

በገበያ "ይህ ጤፍ ስንት ኪሎ ይመዝናል?" እንላለን። ስለ ራሳችንም ስንናገር "ክብደቴ 60 ኪሎ ነው" እንላለን። ይህ አነጋገር ለመገበያየት ይበቃል፤ ማንንም አይጎዳም። በሳይንስ ግን ኪሎ ግራም የመጠነ ቁስ መለኪያ ነው። መጠነ ቁስ አንድ አካል የያዘው የቁስ ብዛት ሲሆን፣ ክብደት ደግሞ ምድር ያንን ቁስ ወደ ራሷ የምትስብበት ኃይል ነው፤ የሚለካውም በኒውተን ነው። በምድር ገጽ ላይ 1 ኪሎ ግራም መጠነ ቁስ ያለው አካል ክብደቱ 9.8 ኒውተን ገደማ ይሆናል።

ሁለቱ ነገሮች በምድር ላይ ምንጊዜም አብረው ስለሚሄዱ ልዩነታቸው አይታየንም። ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው ከምድር ርቀን ስናስብ ነው። የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሆነ 60 ኪሎ ግራም መጠነ ቁስ ያለው ሰው በምድር ላይ 588 ኒውተን፣ በጨረቃ ላይ ግን 96 ኒውተን ገደማ ይከብዳል። እዚህ ላይ "ታዲያ ሰው ጨረቃ ላይ ሲደርስ ይከሳል ማለት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ቢገኝ ሊመሰገን ይገባዋል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነውና። ሰውዬው አልከሳም፤ ሥጋውም አጥንቱም እንዳለ ነው፤ መጠነ ቁሱ 60 ኪሎ ግራም እንደሆነ ይቆያል። የቀነሰው የሚስበው ኃይል ነው።

ይህንኑ በሁለት ዐይነት ሚዛን ማስረዳት ይቻላል። ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን ስኳሩን ከብረቱ ጋር ያነጻጽራል። ሚዛኑን ጨረቃ ላይ ብንወስደው የሁለቱም ሳህን ስበት እኩል ስለሚቀንስ 1 ኪሎ ስኳር ከ1 ኪሎ ብረት ጋር እኩል እንደቆመ ይቀራል። ስለዚህ ይህ ሚዛን የሚነግረን መጠነ ቁስን ነው። ባለ ሞላው ሚዛን ግን የሚነግረን ሞላው ምን ያህል እንደተሳበ ነው። ጨረቃ ላይ ሞላው የሚሳበው በምድር ላይ ከተሳበው አንድ ስድስተኛውን ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ይህኛው የሚለካው ክብደትን ነው።

ሙቀትና መጠነ ሙቀት

"መጠነ ቁስ" የሚለው ስያሜ ትርጉሙን ራሱ ይናገራል፤ የቁስ መጠን ማለት ነው። በተመሳሳይ መንገድ የተሠራው "መጠነ ሙቀት" ግን ተማሪውን ወደ ስሕተት ሊመራው ይችላል። ቃሉን እንደ ወረደ የሚረዳ ተማሪ መጠነ ሙቀት ማለት አንድ አካል ያለው የሙቀት ብዛት ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በአየር ሁኔታ ዘገባ የምንሰማው "የሙቀት መጠን" የሚለው አነጋገርም ይህንኑ ሐሳብ ያጠናክርበታል። ሆኖም መጠነ ሙቀት የሙቀት ብዛት አይደለም።

አንድ ስኒ የፈላ ውሃና አንድ ትልቅ ድስት የፈላ ውሃ እናስብ። በሁለቱም ውስጥ ቴርሞሜትር ብናስገባ አንድ ዐይነት ቁጥር እናነባለን፤ መጠነ ሙቀታቸው እኩል ነው። ነገር ግን 1 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 4,200 ጁል ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ 5 ሊትሩን ለማፍላት የገባው ሙቀት ለ1 ሊትር ከሚያስፈልገው አምስት እጥፍ ነው። የብረት መፍጫ የሚረጨው ፍንጣሪ መጠነ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል፤ ፍንጣሪው እጅግ ጥቃቅን ስለሆነ ግን የሚሰጠው ሙቀት አነስተኛ ነው። በአንጻሩ 60 ዲግሪ የሞቀ ባልዲ ውሃ ሰውን ክፉኛ ያቃጥላል። እንግዲህ ሙቀት በመጠነ ሙቀት ልዩነት ምክንያት ከአንድ አካል ወደ ሌላው የሚተላለፍ ጉልበት ሲሆን በጁል ይለካል። መጠነ ሙቀት ደግሞ ሙቀት ከየትኛው አካል ወደየትኛው እንደሚሄድ የሚያመለክት ልኬት ሲሆን በዲግሪ ይነበባል።

በርእሳችን ላይ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ጋቢ ያሞቃልን? በዕለት ተዕለት አማርኛ መልሱ አዎን ነው። "ጋቢ ደርብ፣ ይሞቅሃል" እንላለን። ከዚህ የተነሣ ብዙ ልጆች ጋቢ እንደ እሳት ሙቀት የሚሰጥ ነገር ይመስላቸዋል። ይህን ለመፈተን ሁለት እኩል የበረዶ ቁራጮችን በሁለት ላስቲክ ማሰር፣ አንዱን በሳህን ላይ እንዲሁ ማስቀመጥ፣ ሌላውን በጋቢ ደጋግሞ መጠቅለል ይበቃል። ከሙከራው በፊት ተማሪዎቹ የትኛው ቀድሞ እንደሚቀልጥ ይናገሩ። ጋቢ ሙቀት የሚሰጥ ከሆነ የተጠቀለለው ቀድሞ መቅለጥ አለበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲገለጥ ግን ይበልጥ ተርፎ የሚገኘው በጋቢ የተጠቀለለው በረዶ ነው። ጋቢው በጥጡ ክሮች መካከል አየር ይይዛል፤ ይህ አየር ሙቀት በቀላሉ አያስተላልፍም። በሰው ላይ ሲሆን የሰውነት ሙቀት እንዳይወጣ ይከላከላል፤ በበረዶ ላይ ሲሆን የክፍሉ ሙቀት እንዳይገባ ይከላከላል። "ብርድ ገባ" የምንለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ቤት ከገባው ቀዝቃዛ አየር በስተቀር "ብርድ" የሚባል ራሱን የቻለ ነገር የለም፤ የሚሆነው ሙቀት ከሰውነታችን መውጣቱ ነው።

በዚህ ርእስ ሥር "መፍላት" የሚለውንም ቃል መጥቀስ ይገባል። በቤት ውስጥ ቡናም ይፈላል፤ የጠላ ጥንስስም ይፈላል። ጥንስሱ ግን የሚንተከተከው እርሾው በሚያወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እንጂ በእሳት አይደለም። በሳይንስ መፍላት የምንለው ፈሳሹ ከውስጡ ጭምር ወደ ተን ሲለወጥ ነው። መጽሐፉ ደግሞ "ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል" ይላል። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ቴርሞሜትር አስገብቶ ቢለካ ግን የሚያነበው 92 ገደማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ግፊት ሲቀንስ ደግሞ ነጥበ ፍሌት ይቀንሳል። በደጋ ባቄላና ሽንብራ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በአንጻሩ ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው በዳሎል ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ይህ ካልተነገረው ተማሪው ወይ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ይላል፤ ወይ ያነበበውን 92 ሰርዞ በደብተሩ 100 ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ከልኬት ይልቅ የመጽሐፍ ቃል እንደሚበልጥ ገና በልጅነቱ ተምሯልና።

ኃይል፣ ሥራ፣ ጉልበትና አቅም

በአማርኛ የሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የተምታቱት እነዚህ አራቱ ናቸው። "ጉልበት" በመጀመሪያ የአካል ክፍል ስም ነው፤ ከዚያም ብርታት ማለት ሆነ፤ "የጉልበት ሥራ" ስንል ደግሞ የጡንቻ ሥራ ማለታችን ነው። "ኃይል" የሚለው ቃልም ብዙ ሸክም አለበት። መግፋትና መሳብ "ኃይል" ነው፤ "ታዳሽ ኃይል" ስንል ኢነርጂ ማለታችን ነው፤ የግድብ "የማመንጨት ኃይል" ሲባል ደግሞ በሰከንድ የሚያመነጨው ይታሰባል። በመማሪያ መጻሕፍትም ውስጥ "ኃይል" እና "ጉልበት" አንዳቸው የሌላውን ቦታ ይዘው የሚገኙበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ ፎርስ የሚባለውን ኃይል፣ ኢነርጂ የሚባለውን ጉልበት፣ ፓወር የሚባለውን አቅም ብለናል።

ግራ መጋባቱ የአማርኛ ድክመት እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ ስለ ጉልበት አለመጥፋት እ.ኤ.አ. በ1847 ባቀረበው ዝነኛ ጥናት ርእስ ላይ የተጠቀመበት ቃል በቋንቋው "ኃይል" የሚል ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ "ኢነርጂ" የሚለውን ቃል በፊዚክስ ውስጥ የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1807 ባሳተመው የትምህርት መጽሐፉ ነው። "ሥራ" የሚለውን የተለመደ ቃል ኃይልና ርቀትን በማባዛት የሚገኝ ልኬት አድርጎ ያጸናው ደግሞ ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ ሲሆን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ኒውተን የእንቅስቃሴ ሕጎቹን ካሳተመበት እ.ኤ.አ. ከ1687 ጀምሮ ሲቆጠር ከ140 ዓመታት በላይ መሆኑ ነው። ሊቃውንቱ እነዚህን ቃላት ለመለየት ይህን ያህል ጊዜ ከፈጀባቸው የ12 ዓመት ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲለያቸው መጠበቅ አይገባም።

አራቱን ለመለየት ወደ አንድ ተሸካሚ እንሂድ። ተሸካሚው 50 ኪሎ ግራም ከረጢት ከመሬት አንሥቶ 1.2 ሜትር ከፍታ ባለው የጭነት መኪና ላይ ይጭናል። ከረጢቱን ወደ ላይ ለመያዝ የሚያስፈልገው ግፊት 490 ኒውተን ነው፤ ይህ ኃይል ነው። 490 ኒውተንን በ1.2 ሜትር ስናባዛው 588 ጁል እናገኛለን፤ ይህ በከረጢቱ ላይ የተሠራው ሥራ ነው። ተሸካሚው ይህን ለመሥራት ከበላው ምግብ ያገኘውን አንድ ነገር አውጥቷል፤ ከረጢቱም በከፍታው ምክንያት 588 ጁል ተቀብሏል። ይህ ጉልበት ነው። ጉልበትና ሥራ በአንድ መለኪያ፣ በጁል የሚለኩት ሥራ ጉልበት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍበት መንገድ ስለሆነ ነው። አሁን አንዱ ተሸካሚ ጭነቱን በ2 ሰከንድ፣ ሌላው በ4 ሰከንድ ቢያነሡ ሁለቱም የሠሩት ሥራ እኩል ነው። የመጀመሪያው በሰከንድ 294 ጁል፣ ሁለተኛው 147 ጁል አውጥተዋል። ልዩነታቸው አቅም ነው፤ መለኪያውም ዋት ነው።

ታዲያ ያ ኩንታሉን ተሸክሞ የቆመው ሰው ለምን ደከመ? ኩንታሉ ከፍ ስላላለ በኩንታሉ ላይ የተሠራው ሥራ በእርግጥ ዜሮ ነው። ላቡና ድካሙም እውነት ነው። ጡንቻ እንደ ጠረጴዛ እግር ሸክም ተሸክሞ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ቃጫዎቹ እየተኮማተሩና እየላሉ ከምግብ ያገኙትን ጉልበት ያለማቋረጥ ይጨርሳሉ። ያም ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ተማሪው "ሰውዬው አልደከመም" ከተባለ በሳይንስ ላይ እምነት ያጣል፤ ጉልበቱ ወደ ኩንታሉ እንዳልሄደና ወዴት እንደሄደ ከተነገረው ግን ሁለቱን ትርጉሞች ይዞ ይቀጥላል።

አቅምንና ጉልበትን ለመለየት የቤታችን የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ጥሩ መምህር ነው። የ3,000 ዋት ምጣድ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ ቆጣሪው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨምራል። 3,000 ዋት የምጣዱ አቅም ነው፤ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ደግሞ የተወሰደው ጉልበት ሲሆን በጁል ሲሰላ 10.8 ሚሊዮን ይሆናል። ሂሳብ የምንከፍለው ለጉልበቱ ነው።

ተን፣ እንፋሎትና ሕዋስ

የሚያምታቱት የፊዚክስ ቃላት ብቻ አይደሉም። ከጀበና አፍ የሚወጣውን ነጭ ነገር እንፋሎት እንለዋለን። ተማሪውም "ውሃ ሲተን ወደ ጋዝ ይለወጣል" የሚለውን ሲማር ያ ነጩ ነገር ጋዝ ነው ብሎ ይደመድማል። የውሃ ተን ግን እንደ አየር ሁሉ በዓይን አይታይም። ነጭ ሆኖ የሚታየው ተኑ ቀዝቅዞ እንደገና ወደ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ሲለወጥ ነው። ጀበናው አጥብቆ ሲፈላ በርቀት ሆኖ በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው፣ በጀበናው አፍና በነጩ ጭጋግ መካከል ባዶ የሚመስል ጥቂት ቦታ ያያል። ተኑ ያለው እዚያ ባዶ በሚመስለው ቦታ ነው።

"ሕዋስ" የሚለው ቃል ደግሞ በሳይንስ ውስጥም ሁለት ቦታ ገብቷል። ልጁ በታችኛው ክፍል ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ ምላስና ቆዳ "አምስቱ የስሜት ሕዋሳት" እንደሚባሉ ይማራል። ጥቂት ክፍሎች ከፍ ሲል ሕዋስ በማይክሮስኮፕ እንጂ በዓይን የማይታይ የሕያዋን ነገሮች መሠረታዊ አካል መሆኑን ይማራል። ታዲያ ዓይን ሕዋስ ነው? በመጀመሪያው ትርጉም አዎን፤ በሁለተኛው ትርጉም ግን ዓይን በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት የተሠራ የአካል ክፍል ነው። ሕፃናቱን ሲያስተምሩ የመጀመሪያዎቹን "የስሜት አካላት" ማለት ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል። ሮበርት ሁክም እ.ኤ.አ. በ1665 የቡሽን ጥቃቅን ክፍሎች በማይክሮስኮፕ አይቶ ስም ሲያወጣላቸው የወሰደው የትንሽ ክፍል ስም ነበር። ያየው የሞተ ቡሽ ስለነበረ ባዶ ክፍሎችን አየ፤ ሕያው ሕዋስ ግን ባዶ ክፍል አይደለም። ስሙ ቀርቶ እውቀቱ ወደ ፊት ሄዷል።

እንግዶቹ ቃላት

ከላይ ካየናቸው ጋር ሲነጻጸሩ ከባድ የሚባሉት እንግዳ ቃላት በአብዛኛው የዋህ ናቸው። አንዳንዶቹ የተሠሩት ልጁ ከሚያውቀው የአማርኛ ግሥ ነው። ስኳር በውሃ ውስጥ "ሟሟ" የሚል ልጅ፣ የሚሟሟው ስኳር "ሟሚ"፣ የሚያሟሟው ውሃ "አሟሚ"፣ የሁለቱ ውጤት "ሙሙት" መባሉን በአንድ ጊዜ ይረዳል። "ትነት" ከተነነ፣ "ቅልጠት" ከቀለጠ የመጡ ናቸው። "እፍግታ"ም ከታፈገ ጋር ዘመድ ነው፤ በታፈገ አውቶቡስ የተሳፈረ ልጅ በአንድ ዐይነት ይዘት ውስጥ ብዙ ቁስ ሲታጨቅ እፍግታው ከፍ ማለቱን ለማስተዋል አይቸግረውም።

ሌሎቹ ከግእዝ የመጡ ናቸው። "ምሕዋር" ሄደ ከሚለው የግእዝ ግሥ፣ ከ"ሖረ" የተገኘ ሲሆን መሄጃ ማለት ነው። "አስተፃምሮ" ከምናውቀው ከ"ጥምረት" ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ስለዚህ ብርሃን አስተፃምሮ ማለት ተክል በብርሃን አማካይነት ውሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን አጣምሮ ምግቡን መሥራቱ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ልጁ ቃሉን እንደ ዳዊት ከመድገም ያድነዋል።

ሦስተኞቹ እንደ "አቶም" እና "ኦክስጅን" ከውጭ የገቡ ናቸው። እነዚህ በአማርኛ ምንም የተደበቀ ትርጉም ስለሌላቸው ባዶ ዕቃ ናቸው፤ ያስገባንባቸውን ብቻ ይይዛሉ። ይህ አንዳንድ ጊዜ ጥቅም አለው። "አቶም" በግሪክኛ የማይከፈል ማለት ነው፤ አቶም ግን እንደሚከፈል ታውቋል። "ኦክስጅን" የሚለውን ስም በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያወጣው ላቭዋዚዬ ሲሆን አሲድ አስገኚ ማለት ነው፤ ሆኖም ኦክስጅን የሌለባቸው አሲዶች መኖራቸው በኋላ ተረጋግጧል። የስያሜን ሥርወ ቃል ማወቅ ለማስታወስ ይረዳል፤ የጽንሰ ሐሳቡ ማረጋገጫ ግን አይሆንም። በመጠነ ሙቀት ላይ ያየነውም ይህንኑ ነው።

ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። አፈጻጸሙ ከቦታ ቦታ ሲለያይ ስለቆየ አንዱ ተማሪ በ7ኛ፣ ሌላው በ9ኛ ክፍል ከአማርኛ፣ ከአፋን ኦሮሞ፣ ከትግርኛ ወይም ከሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ወደ እንግሊዝኛ ተሻግሯል። በዚህ ጊዜ ሁለት ዐይነት ተማሪዎች ይታያሉ።

አንደኛው በአማርኛ የተማራቸውን ቃላት ትቶ እንግሊዝኛውን እንደ አዲስ ይጀምራል። ቀድሞ ያወቀው ሁሉ የልጅነት ነገር ይመስለዋል። ለእርሱ ዌይትና ማስ፣ ሂትና ቴምፕሬቸር ቀመር ውስጥ የሚገቡ ፊደሎች ናቸው፤ ከጋቢውም ከጀበናውም ከሚዛኑም ጋር ግንኙነት የላቸውም። ፈተና ያልፍ ይሆናል፤ ጥያቄው መልኩን ሲለውጥ ግን ይወድቃል። እንግሊዝኛው ራሱም ከወጥመዱ አያድነውም። ዎርክና ፎርስ፣ ፓወርና ሂት ለእንግሊዛዊ ሕፃንም የቤት ቃላት ናቸው፤ እርሱም እንደ እኛው ልጆች ይምታታበታል።

ሁለተኛው ተማሪ የሚሻገረው ሥራን በጁል፣ አቅምን በዋት፣ ክብደትን በኒውተን ለክቶ ነው። እርሱ አዲስ ሐሳብ አይማርም፤ ለሚያውቀው ነገር ሌላ ስም ይማራል። መለኪያው በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነውና። ስለዚህ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መሠረታዊ ቃላትን በጥንቃቄ ማስተማር ለእንግሊዝኛው ትምህርት እንቅፋት አይሆንም፤ ስንቁ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው ሦስት ተግባራዊ ምክሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ለሕፃናት ስናስረዳ የቤታቸውን ቃል ስሕተት ነው ብለን አንጀምር። "በቤታችን እንዲህ እንላለን፤ በሳይንስ ክፍል ግን ይህን ቃል ለዚህ ብቻ እንጠቀምበታለን" ማለት ይበቃል። እናቱ "ጋቢ ይሞቃል" ማለቷ ስሕተት እንዳልሆነ፣ ሳይንስ የሚጠይቀው ግን ሌላ ጥያቄ መሆኑን ልጁ ማወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ቃል ብቻ እንምረጥ። "ኃይል" ያልነውን በማግሥቱ "ጉልበት" ብንለው ጥፋቱ የተማሪው አይሆንም። ባለሙያዎች ባዘጋጁልን የሳይንስ መዝገበ ቃላት መጠቀምና የመማሪያ መጽሐፉን ምርጫ ማክበር ለዚህ ይረዳል። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ፍቺ ጋር አንድ ልኬት ወይም አንድ ሙከራ እናያይዝ። በረዶ፣ ጋቢ፣ ጀበና፣ ሚዛን፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ለማግኘት የተሟላ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም።

ውድ አንባብያን፣ በአቅራቢያችሁ የ5ኛ ወይም የ6ኛ ክፍል ተማሪ ካለ በመጪው ቅዳሜ ሁለት የበረዶ ቁራጮችና አንድ ጋቢ አቅርባችሁ የትኛው ቀድሞ እንደሚቀልጥ አስቀድሞ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። መልሱን አትንገሩት፤ ጋቢውን ራሱ ይግለጠው።